ለዓርብ ፎቶ አንሺዋ ልጄ

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ዓርብ ዓርብ ገበያው ሲዘጋ አንቺና ጓደኞችሽ ከራኩባው ጥላ ሥር ጀበና ጥዳችሁ፣ ቅዳሜ በወጣው ርእስ ሳምንቱን ሙሉ ያነሣችሁትን ፎቶ እያወጣችሁ እንደምትተቻቹ ነግረሽኛል። ሐበሻም ሱዳኒም አላችሁበት። ሁላችሁም የምታነሡት በስልክ ነው፤ ከፎቶ እንጀራ የሚበላ አንድም የለባችሁም። ባለፈው ግን አንዱ ልጅ «ይሄ ደግሞ ምኑ ፎቶ ነው?» ተብሎ ተቀይሞ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። «ጋሼ፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ላልሽው መልሱ ይኸው።

አንቺ ባለሽበት በሱዳን ገዳሪፍ ጉርድ ፎቶ ሳነሣ፣ ፊልም ሳጥብ ያረጀሁ ሰው ስለሆንሁ ስለ ሥራው የምለው አላጣም። አሁን ጎንደር ተቀምጬ ጊዜውም ሞልቶኛል። ምክሬን ቁጥር ሰጠሁት እንጂ በክብደት አልደረደርሁትም፤ አንዳንዱ ረዝሟል፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር አይሞላም። ቀኑንና ዓመቱን የጻፍሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1ኛ፦ ርእሱን ከደጃፋችሁ አውጡ።

«ተስፋ»፣ «ፍቅር»፣ «ብቸኝነት» የሚሉ ርእሶችን ተዉአቸው። እንዲህ ያለ ርእስ ሲሰጥ ሁሉም ሰው ጀንበር ስትጠልቅ የቆመ ጥቁር ጥላ ይዞ ይመጣል፤ ያን ጥላ ደግሞ የትም አገር ማንሣት ይቻላል። «ጆንያ» በሉ እስቲ። አንዱ የእህል ጨረታው ገበያ ይሄዳል፤ አንዱ የተሸካሚውን ትከሻ ያነሣል፤ ሌላዋ ጆንያው ተቀድዶ የመስኮት መጋረጃ የሆነበትን ቤት ታስታውሳለች። አንድ ቃል አምስት ሰፈር ይወስዳችኋል፤ ዓርብ ስትገናኙም የምትነጋገሩበት ነገር አይጠፋም።

ገዳሪፍ የራሷ ርእስ ሞልቷታል። «በርሜል» ብትሉ፣ ውሃ ሲጠፋ በየሰፈሩ የሚዞረው የአህያ ጋሪ አለ። «ዋልካ» ብትሉ፣ ያ ጥቁር አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሎሪውን ከነጭነቱ ውጦ ያስቀራል፤ ሁለቱን መልኩን ለማንሣት ዓመቱን መጠበቅ ግድ ነው። በነገራችን ላይ ርእስ ስታወጡ የወቅቱን ነገር አትርሱ። ሰሊጥ በደንብ ከደረቀ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሳሉጉ፣ የወቅት ሠራተኛው፣ ቀድሞ ያጭደዋል፣ አስሮ «ሂላ» በሚባለው ክምር ያቆመዋል፣ ሲደርቅ ሸራ አንጥፎ ገልብጦ ያራግፈዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። በመጋቢት «ሂላ» ብላችሁ ርእስ ብታወጡ የምታገኙት ባዶ ማሳ ነው።

ይህን የምልሽ ከራሴ ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሮይ ስትራይከር የሚባል ሰው የአንድ መንግሥታዊ የእርሻ መሥሪያ ቤት የፎቶ ክፍል ኃላፊ ነበር። እነ ዶሮቲያ ላንግንና ዎከር ኤቫንስን ወደ ገጠር ያሰማራው እሱ ነው። ለፎቶ አንሺዎቹ የሚነሣውን ነገር በዝርዝር ጽፎ ይልክላቸው ነበር፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሰዎች ማታ ማታ ቤታቸው ምን ሲያደርጉ እንደሚያመሹ፣ የት የት እንደሚገናኙ የሚሉ ተራ ጥያቄዎች ይገኙበታል። በድህነት ዘመን የተሰማሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን «ድህነትን አንሡ» ከሚል ትእዛዝ ይልቅ «ማታ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሰዉ ቤት ያስገባል።

2ኛ፦ አንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ይምጣ።

በእኔ ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበረው፤ ከዚያ በላይ ማንሣት ኪስ ይጎዳ ነበር። እናንተ በአንድ ከሰዓት ሦስት መቶ ታነሣላችሁ፤ ገንዘብ የለበትምና አልከለክልሽም። ነገር ግን ከሦስት መቶው አንዱን መምረጥ ራሱ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከማንሣቱ ይከብዳል። ሰባት ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ምርጫውን ለእናንተ አሸክሞ ነው የመጣው።

3ኛ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ያያችሁትን ተናገሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የጠየቅሽኝም ይህንኑ ነውና። የእኔ ትውልድ በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ስብሰባ ውስጥ አልፏል። ሰው ይነሣል፣ ጓዱን ይከስሳል፤ ተከሳሹ ደግሞ ጥፋቱን አምኖ ይቀመጣል። ከዚያ ስብሰባ ተምሮ የወጣ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም ያወቀው ዝም ማለትን ነው። የእናንተ የዓርብ ጉባኤ እንደዚያ እንዳይሆን ሥርዓት ያስፈልገዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ፎቶው በመካከል ይቀመጥ፤ ያነሣው ሰው አፉን ይያዝ። ሌሎቹ በየተራ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይባልም። «መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የሴትዮዋ እጅ ላይ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ቢጫ ጀሪካን ግን ቶሎ ነጠቀኝ» ያለ ሰው ትልቅ ሂስ ሰጥቷል፤ ማንንም ደግሞ አልሰደበም። ያነሣው ልጅ ጀሪካኑን ሲያነሣ አላየውም ይሆናል። አሁን አየው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይቆማል።

ቀጥሎ ጥያቄ ይምጣ፦ የት ቆመህ ነው ያነሣኸው? ከፎቶው ውጭ ምን ነበር? ለምን ቀረብህ፣ ለምን ራቅህ? ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ የሚያስተካክለው ነገር ካለ ይነገረው። የሚነገረውም ሊሠራው የሚችለው ነገር ይሁን። «ዝቅ ብትል ኖሮ ልጁ ከጭድ ክምሩ በላይ ይወጣ ነበር» ማለት ምክር ነው። «ጥሩ ካሜራ ቢኖርህ ኖሮ» ማለት ግን ከምንም የማይቆጠር ወሬ ነው። «ያምራል» ብቻ ማለትም ያው ነው፤ ያነሣው ሰው ምኑ እንዳማረ ካላወቀ ደግሞ ሊያደርገው አይችልም። ወዳጅ ያስለቅሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ሲያስለቅስ ጣቱን ጉዳዩ ላይ አድርጎ መሆን አለበት።

ቅድም ያመሰገንሁት ስትራይከር በዚህ በኩል አርአያ አይሆናችሁም። ያልወደደውን ፎቶ ነጌቲቩን በወረቀት መብሻ ይበሳው ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ ተቆጥተው እስኪያስተዉት ድረስ ብዙ ነጌቲቭ አበላሽቷል፤ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሰው ፊት ላይ ጥቁር ክብ የወደቀባቸው ፎቶዎች አሉ። ፎቶው ደካማ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ መብሳት ሌላ ነው። «ይሄ ምኑ ፎቶ ነው?» ያለው ጓደኛሽ መብሻውን ነው ያነሣው።

ሌላ የምወደው ልማድ ደግሞ አለ። እንግሊዝ አገር አማተሮች ፎቶዎቻቸውን በአንድ ማኅደር አድርገው በፖስታ ቤት ከቤት ወደ ቤት ያዞሩ ነበር። የደረሰው ሁሉ አስተያየቱን ጽፎ ጨምሮ ለሚቀጥለው ሰው ይልካል። የጻፈ ሰው ከተናገረ ሰው የበለጠ ያስባል። አንድ ደብተር ገዝታችሁ ብትሞክሩት አይከፋም።

4ኛ፦ ትንሹ ይጀምር፣ ትልቁ ይጨርስ።

በሽምግልናችን ታላቅ ቀድሞ ይናገራል፤ ለእርቅ ያ ያምራል። ለፎቶ ግን አይሆንም። አንድ የተከበረ ሰው መጀመሪያ «ግሩም ነው» ካለ ቀሪው ሁሉ ግሩም ይላል፤ ነገሩም እዚያው ይሞታል። አማርኛ የማይችለው ጓደኛችሁም በዐረቢኛ እንዲናገር ተራውን ስጡት፤ እየተረጎማችሁ ብታዘገዩት ምን ቸገራችሁ? ዓርብ ነው።

5ኛ፦ ፊት በብርሃን ይታይ።

ገዳሪፍ ላይ ፎቶ የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ፀሐዩ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነሣ ፊት ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰዉ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ነጭ ሰማይ ሥር ይቆማል። ስልኩ ነጩን ሁሉ አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ያጨልማል፤ የሚጨልመው ደግሞ ጥቁሩ ፊት ነው። ስለዚህ ከማንሣትሽ በፊት ፊቱ ላይ ጣትሽን አሳርፊና ብርሃኑን ወደ ላይ ጎትቺው። ሰማዩ ይንጣ፤ ግድ የለም፣ ሰማዩን ሁሉም ያውቀዋል። ከተቻለም ሰውየውን ከራኩባው ጠርዝ፣ ጥላው ከሚያልቅበት ትንሽ ገባ አድርገሽ፣ ፊቱን ወደ ውጭ መልሺው። ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ የለም። ሃቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ከምታዩት ብዥታ ግማሹ አቧራ ነው።

ፊታችን በፎቶ የሚጠፋው ከፀሐዩ ብቻ አልነበረም። ኮዳክ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቀለም ሕትመት የሚስተካከልበት «ሸርሊ» የሚባል ካርድ ነበረው፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ፊልሙ ለእሷ ቆዳ ተስማምቶ ሲሠራ ጥቁር ሰው ዓይንና ጥርሱ ብቻ ይቀር ነበር። ከጊዜ በኋላ ጥቁሩንና ቡናማውን መለየት የቻለ ፊልም እንዲሠራ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ የዕቃቸው ቀለም በማስታወቂያ ላይ አልወጣ ብሏቸው። ለቸኮሌት የታዘነውን ያህል ለእኛ ሳይታዘን ቀረ። ስለዚህ ዓርብ ላይ «ፊቱ አይታይም» የሚል ሂስ ከተነሣ እንደ ቀላል አትለፉት።

ስለ ብርሃን ካነሣሁ አይቀር አንድ ፎቶ ፈልገሽ እዪ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2019 ካርቱም መብራት በጠፋበት ምሽት ያሱዮሺ ቺባ የተባለ ጃፓናዊ የአዣንስ ፍራንስ ፕሬስ ፎቶ አንሺ አንድ ወጣት ግጥም ሲያሰማ አነሣው። ልጁን ያበራው ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች የስልክ መብራት ነው። በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ሆነ። ስልክ ካሜራ ብቻ ሳይሆን መብራትም መሆኑን ከዚያ ተማሪ፤ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ታብራ።

6ኛ፦ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚሰማ ሆናችሁ ተነጋገሩ።

ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ።

እናንተ የምትኖሩበት ድንበር በዓለም ፎቶ ላይ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፤ ረሃብና ስደት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ከዚያው ረሃብና ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩት ኡም ራኩባና ዋድ ኮውሊ ካምፖች ሰፈሩ። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ በ1984 እና በ1985 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በሳህል አገሮች እየዞረ ኢትዮጵያንም ሱዳንንም አነሣ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈና በኅዳር 2020 ሰዉ የትግራይን ጦርነት ሸሽቶ እንደገና በሐምዳይት በኩል ተሻገረ፤ ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። ካሜራዎቹም እንደገና መጡ።

የመጡትን አልኮንንም። አሚን ያንን ባያነሣ ኖሮ እርዳታው ስንት ወር በዘገየ ነበር። ግን እንግዳ ፎቶ አንሺ የሚመጣው መከራ ሲኖር ነው፤ መከራው ሲያልፍ ይሄዳል። ጸጉር ስትሠራ የምትውለውን ልጅ፣ ሬዲዮ የሚጠግነውን ሰውዬ፣ ሂና የተቀባችውን ሙሽራ፣ በሰሊጥ ጨረታ ላይ ዋጋ ሲሰማ ፊቱ የሚለዋወጠውን ነጋዴ ማን ያንሣቸው? እነሱ የእናንተ ፋንታ ናቸው። ከአማተር የሚጠበቀው ይህ ነው፤ ባለሙያው ትኬት ቆርጦ የማይመጣበትን ነገር ማንሣት። «ስደተኛ» የሚል ርእስ አታውጡ። ካምፕ ውስጥ የሚኖር ሰው በርእሳችሁ ቢገባ በ«ጸጉር»፣ በ«ቁርስ»፣ በ«እሁድ» ይግባ።

ስሙን ደግሞ ጠይቁት። ሱዛን ሶንታግ የምትባል ጸሐፊ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳልጋዶን የወቀሰችው፣ ስለ ስደት በሠራው ትልቅ ሥራ ላይ የሰዎቹ ስም ስለሌለ ነው። ታዋቂ ሰው ሲነሣ ስሙ ይጻፋል፤ ድሃው «ስደተኛ» ተብሎ ይታለፋል። የኬቪን ካርተርን ፎቶ የማያውቅ የለም፤ በመጋቢት 1993 ደቡብ ሱዳን፣ አዮድ ላይ የተነሣው፣ ጥንብ አንሣ ከኋላው የቆመበት ሕፃን። ፎቶው በ1994 ፑሊትዘር አገኘ፤ ካርተርም በዚያው ዓመት ራሱን አጠፋ። ዓለም ሁሉ «ያቺ ልጅ» እያለ ሲያለቅስ ኖረ። በ2011 የስፔኑ ኤል ሙንዶ ጋዜጣ ሰዎች መንደሩ ድረስ ሄደው ሲጠይቁ ሕፃኑ ወንድ እንደነበረ፣ ከዚያ ቀን ተርፎ አድጎ እንደነበረና ኮንግ ኞንግ ይባል እንደነበረ ሰሙ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጾታው እንኳ ሳይታወቅ! ሽልማቱ ላይ የተቀመጡት ዳኞች አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮስ? እናንተ ዓርብ ላይ የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን፦ «ማን ይባላል?» ያነሣው ሰው ካላወቀ ፎቶው ቆንጆም ቢሆን ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

ሐዘን አይነሣ አላልሁም። መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ሲወድቅ የእኛው ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ቦታ ያነሣቸው ፎቶዎች በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ተሸልመዋል። ሐዘንተኛ አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን ምን እያደረገች እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ከእሱ ወገን የሆነ ሐዘን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ፎቶው ውስጥ ያለችውን ሻይ ሻጭ ነገ ጠዋት ታገኚያታለሽ። ስለ እሷ ፎቶ ዓርብ ማታ የተናገራችሁት፣ ሳቃችሁ ጭምር፣ ፊቷ ላይ ሊነገር የማይችል ከሆነ ያ ሂስ ሳይሆን ሐሜት ነው።

7ኛ፦ የማይታይ ነገር አለ።

ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ፣ የጦር ካምፕ፦ በሰላሙም ጊዜ ሱዳን ውስጥ ፎቶ በፈቃድ ነበር፤ ጦርነቱ ከጀመረበት ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ወዲህማ ስልክ ይዞ ኬላ አጠገብ መቆም በራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ገላባት ላይ፣ ወደ መተማ በሚያሻግረው መንገድ ላይ፣ ካሜራ አታውጪ። የሚሻገሩ ሰዎችን ፊትም እንዲሁ፤ ፊቱን አንድ ሰው ሲፈልገው ሊሆን ይችላል። ስልክሽ ያነሣሽበትን ቦታ ከፎቶው ጋር ይመዘግባል፤ ሴቲንግ ገብተሽ አጥፊው፣ ጓደኞችሽንም አሳዪአቸው።

ይህ የሽማግሌ ፍርሃት እንዳይመስልሽ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ቤተ እስራኤላውያን ከነ ኡም ራኩባ በስውር እየወጡ ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ይወሰዱ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ የሱዳን መንግሥት ወዲያው አቆመው። የቀሩት ሰዎች በካምፑ ውስጥ ቀሩ። አንድ ወሬ ያለ ጊዜው በመውጣቱ መንገድ ተዘጋ። ፎቶ ከወሬ ይፈጥናል።

8ኛ፦ ማሳመር ይፈቀዳል፣ መዋሸት አይፈቀድም፤ ድንበሩን ግን ራሳችሁ ተስማሙበት።

ጠርዙን ቆርጦ ማውጣት፣ ብርሃን ማስተካከል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ፦ እኛም በጨለማ ክፍል ያደረግነው ነው፤ ሪቱሽ በእርሳስ ስንሠራ የስንቱን ብጉር አጥፍተናል። ከዚያ አልፎ መሄድም ይቻላል፣ ግን በግልጽ። ግርማ በርታ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያገኛቸውን ሰዎች በአይፎን እያነሣ፣ ዙሪያቸውን ሁሉ አጥፍቶ ከደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል፤ በዚህ ሥራው በ2016 የጌቲ ኢሜጅስንና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ ካገኙ ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የጠፋው ነገር መጥፋቱን ማንም ያያል፤ ማታለል የለበትም። የሌለ ደመና ለጥፎ «ትላንት ማታ ገዳሪፍ» ብሎ ማምጣት ግን ውሸት ነው፤ ያ ፎቶ ያን ሳምንት አይቀመጥ።

9ኛ፦ ሽልማት አታድርጉ።

ቢበዛ አሸናፊው የሚቀጥለውን ርእስ ያውጣ። ገንዘብ ከገባበት ሂሱ ይሸሻል።

10ኛ፦ ካሜራ የለኝም አትበይ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2019 ካርቱም፣ የጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ፣ ነጭ ቶብ የለበሰች ወጣት መኪና ላይ ቆማ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ሕዝቡን ስታዘምር የሚያሳየውን ፎቶ አይተሽዋል። ልጅቱ አላ ሳላሕ ትባላለች። ያነሣቻት ላና ሃሩን ባለሙያ ጋዜጠኛ አልነበረችም፤ በሰልፉ ውስጥ ያለች ሰው ነበረች፣ ያነሣችውም በስልኳ ነው። በሦስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት አል በሽር ወደቀ። ፎቶው አወረደው አልልሽም፤ ግን የዚያ ሳምንት ሱዳን በዓለም ላይ መልኳ ያ ሆነ፣ ከትልልቆቹ ካሜራዎች ሁሉ ቀድሞ። ላና ቦታው ላይ ነበረች፤ ከሕዝቡ ጋር ቆማ ነበር። አንቺም እንዲሁ ነሽ።

11ኛ፦ ወደ ልጁ ሂጂ።

የተቀየመውን ልጅ በስልክ አትጥሪው፤ ቤቱ ድረስ ሂጂ፣ «ምኑ ፎቶ ነው?» ያለውን ልጅም ይዘሽው ሂጂ። «ይቅርታ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ያንኑ ፎቶ ይዞ እንዲመጣ ለምኑት፤ በመጣ ጊዜም ከላይ በ3ኛው ላይ በነገርሁሽ ሥርዓት እዩት። ፎቶው ደካማ ከሆነ ደካማነቱ የት ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ ካልሆነም ያ ዓርብ የተቸኮለው ፍርድ ይገለጣል። ልጁ በጊዜው መልስ ሳይሰጥ መሄዱን አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

12ኛ፦ አሳትሚ።

ይህ የመጨረሻው ነው። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ በኬላ ይወሰዳል። ኢንተርኔቱም ይጠፋል፤ በየካቲት 2024 ሱዳን ውስጥ ሲቋረጥ ስንቱ ሰው ከቤተሰቡ እንደተለያየ አይተሻል። ካርቱም ያለው ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ሙዚየም የተዘረፈበት አገር ውስጥ የአንድ ሰው ስልክ ምን ዋስትና አለው? በአንጻሩ ደግሞ የራሺድ ማሕዲን ነገር ተመልከቺ። ከ1923 እስከ 2008 የኖረ ሱዳናዊ ነው፤ ካርቱም ሳይሆን በባቡር ከተማዋ አትባራ ስቱዲዮ ከፍቶ የተራ ሰው ፎቶ ሲያነሣ ዕድሜውን ጨረሰ። የባቡር ሠራተኛው፣ ሙሽራው፣ ሕፃኑ፣ ወንድማማቾቹ፦ እነዚያን ፎቶዎች ያየ ሰው ያን ዘመን የሚያውቀው በመንግሥት ፋይል ሳይሆን በእነሱ ፊት ነው። እሱ አትሞ ስለሰጣቸው ነው በየቤቱ የተረፉት።

ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ከአራቱ ዓርቦች አራት ፎቶ መርጣችሁ ፎቶ ቤት አሳትሙ። ከጀርባው የሰውየውን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ያነሣውን ሰው ስም ጻፉበት፤ በማይለቅ ብዕር፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሳትደራርቡ። አንዱን ቅጂ ለተነሣው ሰው ስጡት። አንዱን እናንተ አስቀምጡ። ገዳሪፍ ላይ ማተሚያው ካልሠራ ፋይሉን በፍላሽ አድርገሽ በመተማ በኩል ለሚመጣ የታመነ ሰው ስጪልኝ፤ እዚህ ፒያሳ አሳትሜ በተመላሹ እልክልሻለሁ። የሕትመቱን ዋጋ እኔ እችላለሁ።